ክሎሪን ምን ያህል? የመሐንዲሱ የኤብል ዎልማን ጥያቄ

ከቧንቧ የተቀዳ ውሃ ጠርቶ ሲታይ ንጹሕ ይመስላል። ይሁን እንጂ ታይፎይድንና ኮሌራን የሚያስከትሉ ባክቴሪያዎች በዓይን ስለማይታዩ የውሃው መጥራት ብቻውን ለጤና ዋስትና አይሆንም። በዚህ ጽሑፍ የአሜሪካዊውን የሳኒተሪ መሐንዲስ የኤብል ዎልማንን የሥራ ዘመን መነሻ በማድረግ፣ በመጠጥ ውሃ ውስጥ የሚጨመረው የክሎሪን መጠን እንዴት እንደሚወሰን እንመለከታለን።

ዎልማን እ.ኤ.አ. በ1892 በባልቲሞር ከተማ ተወለዱ። በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ምህንድስና ተምረው በሜሪላንድ ግዛት የጤና መሥሪያ ቤት ተቀጠሩ። በዚያን ጊዜ ክሎሪን እንግዳ ነገር አልነበረም፤ የጀርሲ ሲቲ ከተማ ውሃ እ.ኤ.አ. ከ1908 ጀምሮ በክሎሪን ይታከም ነበር። ያልተፈታው ጥያቄ «ምን ያህል ይጨመር?» የሚለው ነበር። መጠኑ ካነሰ ተሕዋስያኑ በሕይወት ይቀራሉ። ከበዛ ደግሞ ሰው በሽታው ምክንያት ውሃውን ጠልቶ ወዳልታከመ ጉድጓድ ወይም ምንጭ ሊሄድ ይችላል። ስለሆነም በሁለቱም በኩል የሚፈጸም ስሕተት ለበሽታ ያጋልጣል።

ዎልማን ከኬሚስቱ ከሊን ኤንስሎው ጋር ባካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ1919 ለኅትመት ባበቁት ጥናት ለዚህ ጥያቄ መልስ ሰጡ። ለሁሉም ውሃ የሚያገለግል አንድ ቁጥር የለም። ክሎሪን ውሃ ውስጥ ሲገባ ሃይፖክሎረስ አሲድ የተባለውን ተሕዋስያን ገዳይ ውሕድ ይሠራል። ይህ ውሕድ ግን ተሕዋስያንን ብቻ ለይቶ አያጠቃም፤ በውሃው ውስጥ ካሉት ከብስባሽ ቅጠላ ቅጠል፣ ከአሞኒያና ከሟሟ ብረት ጋርም ይዋሐዳል። በዚህ ሁኔታ የሚያልቀው መጠን «የክሎሪን ፍላጎት» ይባላል። ከዚያ የሚተርፈው ደግሞ «ቀሪ ክሎሪን» ነው። ስለዚህ፦

የሚጨመር ክሎሪን = የክሎሪን ፍላጎት + ቀሪ ክሎሪን

ቀሪው ክሎሪን ውሃው ከማጣሪያ ጣቢያው ወጥቶ በቧንቧ ሲጓዝ ከሚደርስበት ብክለት የሚከላከል ዘብ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ውሃው ከክሎሪን ጋር ቢያንስ 30 ደቂቃ ከቆየ በኋላ በአንድ ሊትር 0.5 ሚሊ ግራም ቀሪ ክሎሪን እንዲገኝ ይመክራል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። 500 ሜትር ኩብ ውሃ የያዘ ማጠራቀሚያ አለን። በላቦራቶሪ የተለካው የክሎሪን ፍላጎት በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። 0.5 ሚሊ ግራም ቀሪ እንዲኖር ከተፈለገ በሊትር 2 ሚሊ ግራም ይጨመራል። በሊትር 1 ሚሊ ግራም ማለት በሜትር ኩብ 1 ግራም ማለት ስለሆነ፣ የሚያስፈልገው 2 × 500 = 1000 ግራም ወይም 1 ኪሎ ግራም ክሎሪን ነው። የምንጠቀምበት ዱቄት 65 በመቶ ክሎሪን ቢኖረው 1 ÷ 0.65 ≈ 1.54 ኪሎ ግራም ዱቄት እንመዝናለን።

አሁን ሌሊቱን ከባድ ዝናብ ጥሎ ወንዙ ደፈረሰ እንበል። የክሎሪኑ ፍላጎት ወደ 3 ሚሊ ግራም ከፍ ይላል። ሠራተኛው ሳይለካ የትናንቱን መጠን ቢጨምር ክሎሪኑ በሙሉ ያልቃል፤ ለቧንቧው የሚተርፍ ዘብ አይኖርም። ውሃው በዕለቱ ምን ያህል ዱቄት እንደሚያስፈልገው አንባቢ ራሱ አስልቶ ያረጋግጥ። (መልስ፦ 2.7 ኪሎ ግራም ገደማ)

ዎልማን እ.ኤ.አ. ከ1922 እስከ 1939 የመሥሪያ ቤቱ ዋና መሐንዲስ ሆነው ሠሩ። እ.ኤ.አ. በ1937 በጆንስ ሆፕኪንስ የሳኒተሪ ምህንድስና ትምህርት ክፍልን አቋቋሙ፤ እ.ኤ.አ. በ1974 የአሜሪካን ብሔራዊ የሳይንስ ሜዳልያ ተሸለሙ። እ.ኤ.አ. በ1989 በ96 ዓመታቸው አረፉ። ክሎሪንን ያገኙት እርሳቸው አልነበሩም፤ ያስተማሩት በግምት መጨመርን ትቶ ለክቶ መጨመርን ነው። በዚህ ሙያ ለመሰማራት የሚያስብ ተማሪም የኬሚስትሪ ስሌቱ የሰው ሕይወት የሚጠበቅበት ሥራ መሆኑን ከወዲሁ ሊገነዘብ ይገባል።