የቆርቆሮ ዕቃ ቤታችን እንዴት ይቀዝቅዝ?

ዛሬ የማቀርብላችሁ ትምህርት ስለ ጓሮ አትክልት ክበባችን ዕቃ ቤት ነው።

የድሬዳዋን ግንቦትና ሰኔ ሁላችንም እናውቀዋለን። ጥላ ሥር ቁጭ ብለን እንኳ ያልበናል። የቆርቆሮዋ ዕቃ ቤት ግን ከውጭውም ትብሳለች። በስድስት ሰዓት በሯን ስትከፍቱ ወላፈኑ ፊት ይገርፋል። ዶማና አካፋ ቢግሉም መልሰው ይቀዘቅዛሉ። ዘር ግን ሕይወት ያለው ነገር ስለሆነ ሙቀትና እርጥበት ሲበዛበት ይሞታል። የሽንኩርት ዘር ደግሞ ከብዙ ዘሮች ቀድሞ ነው የሚበላሸው። አምና ከየክፍሉ ባዋጣነው ብር የተገዛው የሽንኩርት ዘር እዚያ ቤት ከርሞ ሲዘራ ግማሹም አልበቀለም። ዘንድሮ እንዳይደገም ምን እናድርግ?

ሙቀቱ ከየት ይመጣል?

ሙቀት በጨረር፣ በንክኪና በአየር ወይም በፈሳሽ እንቅስቃሴ እንደሚተላለፍ በሳይንስ ተምረናል። ሦስቱም እዚች ቤት ውስጥ አሉ። የፀሐይ ጨረር ጣራውን ያግላል። ቆርቆሮ ስስ ብረት ስለሆነ ሙቀቱ ወዲያው ወደ ውስጥ ያልፋል። የጋለው ጣራም እንደ ምጣድ ሆኖ ወደ ታች ይለበልባል። ጣራውን የነካው አየር ይሞቃል፤ ሞቃት አየር ወደ ላይ ስለሚወጣና መውጫ ስለሌለው እዚያው ይታፈናል።

አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ቀትር ላይ ፀሐይዋ ከአናታችን በላይ ናት። ስለዚህ ዋናው ጠላታችን ጣራው ነው። ከሱ ቀጥሎ ከሰዓት በኋላ የሚመታው የምዕራቡ ግድግዳ ይመጣል።

መፍትሔዎቹ በቅደም ተከተል

1ኛ. ጥላ። ፀሐይዋ ቆርቆሮውን ሳትነካው ብንከላከል ይሻላል። ከጣራው ከፍ ያሉ አራት እንጨቶች ተክለን በላዩ የማሽላ አገዳ ወይም ሰሌን እንደ ዳስ እናልብስ። ዳሱ ግን ቆርቆሮው ላይ አይተኛ፤ በመካከሉ አንድ ክንድ ያህል ክፍት ከሆነ ነፋስ ያልፍበታል። እሳት አጠገቡ እንዳይነድ! በምዕራብ በኩል ኒም እንትከል፤ ኒሙ እስኪያድግ ዱባ በእንጨት ላይ ማሳደግ ይቻላል።

2ኛ. ኖራ። የዛገ ቆርቆሮ ጨረር ይውጣል፣ ነጭ ቀለም ግን ይመልሳል። እኔ ሁለት የዛገ ቆርቆሮ ቁራጮች ወስጄ አንዱን ኖራ ተቀብቶ ሁለቱንም ፀሐይ ላይ አዋልኳቸው። ያልተቀባው እጅ አላስቀመጠም፤ የተቀባው ግን ይያዝ ነበር። ኖራ ዓይን ስለሚያቃጥል ቅቡን ትልልቅ ሰዎች ይሥሩት። ዝናብ ሲያጥበው ደግሞ እንደገና ይቀባል።

3ኛ. ነፋስ። ነፋስ በሚመጣበት በኩል ዝቅ ብሎ አንድ ቀዳዳ፣ በተቃራኒው ግድግዳ ጣራው ሥር ሌላ ቀዳዳ ይከፈት። ቀዝቀዝ ያለው አየር በታች ሲገባ ሞቃቱ በላይ ይወጣል። አንዱ ብቻ ቢከፈት ይህን ያህል አይሠራም። አይጥ እንዳይገባ ሁለቱም ወንፊት ሽቦ ይደረግባቸው።

4ኛ. ኮርኒስ። ባዶ የማዳበሪያ ከረጢቶች ሰፍተን ከጣራው በታች ብንዘረጋ የቆርቆሮው ጨረር በቀጥታ ዕቃው ላይ አያርፍም።

አንዳንድ ልጆች «ወለሉን ውሃ እናርከፍክፈው» ይላሉ። እውነት ነው፣ ውሃ ሲተን ያቀዘቅዛል፤ ገንቦ ውሃን የሚያቀዘቅዘውም በዚሁ ነው። ግን እርጥበቱ ዘሩን ስለሚጎዳ ዘር ባለበት ቤት አይሆንም።

አንድ ነገር እንወቅ። ይህን ሁሉ ብንሠራም ቤቷ ቀን ቀን ከውጭው ጥላ ብዙም አትቀዘቅዝም። ለዶማና ለአካፋ፣ ዕቃ ለሚያወጡትም ልጆች ይህ በቂ ነው። ለዘር ግን በግንቦትና በሰኔ አይበቃም። ስለዚህ መምህራኖቻችንን የምንጠይቀው፣ ዘሩ ደረቅ አመድ ባለበት ክዳን ያለው ዕቃ ታሽጎ፣ ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ በሆነው መጽሐፍ ቤት ታችኛው መደርደሪያ ላይ እንዲቀመጥልን ነው። አንድ ጥግ ይበቃናል።

መልመጃ
ሀ. ከፍ ያለው ቀዳዳ ቢደፈን ምን ይሆናል?
ለ. ዳሱ ቆርቆሮው ላይ ቢተኛ ለምን ጥቅሙ ይቀንሳል?

መልሱን በሚኒ ሚዲያ ሳጥን ውስጥ ጨምሩልን። ዳሱን ለመሥራት የምትፈልጉም ስማችሁን ለክበቡ አስመዝግቡ፤ አንድ ቅዳሜ ከተባበርን ያልቃል። ቸር ሰንብቱ!