የተወዘፈ የልጅ ቀለብ በሎስ አንጀለስ፦ ከየት ይጀመራል?

ፌርፋክስ ላይ ቡና ሲጠጣ የሚሰማው እሮሮ ተመሳሳይ ነው፦ «በሽማግሌ ተስማምተን ነበር፤ ሁለት ወር ከፈለና ጠፋ።» ሽማግሌ ቂም ያበርድ ይሆናል፤ ደሞዝ ግን አያስቆርጥም። ካሊፎርኒያ ውስጥ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ከሌለ የሚቆጠር ውዝፍ የለም፤ ትእዛዙም እንደ ደንቡ ወደ ኋላ የሚሄደው ማመልከቻው እስከገባበት ቀን ድረስ ነው። «እስቲ እስከ ፋሲካ ልታገሰው» የተባለበት ወር ሁሉ ከልጁ ላይ የተቀነሰ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ኬዝ ይክፈቱ። የሎስ አንጀለስ ካውንቲ የልጆች ቀለብ አገልግሎት መሥሪያ ቤት ያለ ክፍያ ይከፍትልዎታል፤ ስልኩ 866-901-3212 ነው። አማርኛ አስተርጓሚ ይጠይቁ። የልጁን የልደት ምስክር ወረቀት፣ ካለም የፍቺውን ውሳኔ ይያዙ፤ ፍቺው አዲስ አበባ የተፈጸመ ከሆነ ከነትርጉሙ። ስለ አባትየው የሚያውቁትን ሁሉ ይጻፉ፦ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር፣ የሥራ ቦታ፣ የመኪና ታርጋ፣ ባንክ። መሥሪያ ቤቱ የእርስዎ ጠበቃ አለመሆኑን ግን አይርሱ፤ ዝም ካሉት ዝም ሊልዎት ይችላል።

ሁለተኛው ሥራ ደብተር ነው። አራት ዓምድ ያስምሩ፦ ወር፣ የታዘዘው፣ የተከፈለው፣ የቀረው። ትእዛዙ 600 ዶላር ሆኖ በመጋቢት 250 ከሰጠ፣ ቀሪው 350 ነው። ባልተከፈለው ላይ በዓመት 10 በመቶ ወለድ ይታሰባል፤ 5,000 ዶላር ዓመት ሲቆይ 500 ይወልዳል። ከበር ላይ በእጅ የሚሰጥ ጥሬ ገንዘብ አይቀበሉ፤ ከተቀበሉም ይመዝግቡት፣ አለበለዚያ ፍርድ ቤት ፊት የቃል ክርክር ይሆናል።

ዋናው መሰብሰቢያ ደሞዝ ነው። ትእዛዙ ለአሠሪው ከደረሰ በ10 ቀን ውስጥ መቁረጥ መጀመር አለበት፤ ከተጣራ ገቢው እስከ ግማሽ ሊወሰድ ይችላል። «እኔ ኡበር ነው የምነዳው፣ ደሞዝተኛ አይደለሁም» የሚለው አያዋጣም፤ በኮንትራት የሚሠራ ሰው ገቢም ይቆረጣል። የሚያስቸግረው በጥሬ ገንዘብ የሚሠራው ነው። የት እንደሚሠራ ካወቁ ለመሥሪያ ቤቱ በጽሑፍ ያሳውቁ።

ደሞዝ ካልተገኘ ሌሎች በሮች አሉ። የታክስ ተመላሹ ይያዛል፣ የባንክ ሂሳቡም ሊነካ ይችላል። ውዝፉ ከ2,500 ዶላር ካለፈ የአሜሪካ ፓስፖርት አይወጣለትም፣ አይታደስለትም፤ ለጥምቀት አገር ቤት ሊሄድ ያሰበን ሰው ይህ ከሽማግሌ ምክር በላይ ያነጋግረዋል። መንጃ ፈቃድም ሊታገድ ይችላል፤ ሾፌርን ከመሪ ማውረድ ግን ገቢውንም ማድረቅ ስለሆነ፣ እኔ ይህን ለመጨረሻ አስቀምጠው ነበር።

መክፈል እየቻለ እምቢ ካለ፣ ፍርድ ቤትን በመድፈር እንዲጠየቅ ማመልከት ይቻላል። ቅጾቹን የሚያግዝዎት የቤተሰብ ሕግ አማካሪ በስታንሊ ሞስክ ፍርድ ቤት፣ 111 ኖርዝ ሂል ጎዳና በነጻ ይገኛል። አስተርጓሚውን አስቀድመው ይጠይቁ፤ የአክስት ልጅ ይዘው አይሂዱ።

አንድ ነገር አያድርጉ፦ አልከፈለም ብለው ልጁን እንዳያየው አይከልክሉ። ቀለብና ጉብኝት ለየብቻ የሚታዩ ናቸው፤ ከከለከሉ ተከሳሽ የሚሆኑት እርስዎ ነዎት። እሱም ሥራ ካጣ ቀለቡ በራሱ አይቀንስም፤ ፍርድ ቤት ሄዶ ማስቀየር የእሱ ፋንታ ነው።

ጠቅልሎ አዲስ አበባ ከገባስ? ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የሄግ የቀለብ ስምምነት አባል ስላልሆነች ጉዳዩ በአገር ቤት ፍርድ ቤት፣ በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ መታየት ይኖርበታል። ሎስ አንጀለስ የቀረ ቤት ወይም የባንክ ሂሳብ ካለው ግን ያንን ይጠቁሙ፤ የካሊፎርኒያው ትእዛዝ ተከፍሎ እስኪያልቅ ድረስ ጊዜ አያልፍበትም።