የጅማ ኮረብታና የመስፈሪያው ጉዳይ

አጋሮ ገበያ ላይ አንዱ ነጋዴ ቡናውን በፈረሱላ፣ ሌላው በኪሎ ቢነግረን፣ ፈረሱላው 17 ኪሎ መሆኑን ሳናሰላ ሁለቱን መደመር አንችልም። ጀንፈል ይሁን የተፈለፈለ ካልተነገረንም ሒሳቡ ይሳሳታል። አብራሪዎች ምድር ላይ ሆነው በሚለማመዱበት ሲሙሌተር ውስጥ ያለው የመሬት አቀማመጥ መዝገብም እንደዚሁ ነው።

ሲሙሌተሮች በልዩ ልዩ ፋብሪካዎች ስለሚሠሩ መዝገቦቻቸው የተለያየ አጻጻፍ አላቸው። እነዚህን ወደ አንድ ከሚያመጡት የጋራ ደረጃዎች አንዱ ሲ.ዲ.ቢ. ይባላል። በዚህ ደረጃ የእኛ አካባቢ አንድ ዲግሪ በአንድ ዲግሪ በሆኑ ካሬዎች ይከፈላል፤ ጅማ፣ አጋሮና ቦንጋ በአንድ ካሬ ሲገቡ፣ ቴፒ በስተ ምዕራብ ካለው ካሬ ትገባለች። ይሁን እንጂ አጻጻፉን መለወጥ ብቻውን አይበቃም፤ አስቀድሞ ሦስት ጥያቄዎች መመለስ አለባቸው።

አንደኛ፣ ቦታው ከየትኛው መነሻ ተለካ? የቆዩት የኢትዮጵያ ካርታዎች አዲንዳን በተባለው መነሻ የተሠሩ ናቸው፤ የጋራው ደረጃ ግን ደብልዩ.ጂ.ኤስ. 84ን ይጠይቃል። በሁለቱ መካከል ከ200 ሜትር የሚበልጥ ልዩነት አለ። የአይሮፕላን መንደርደሪያ ወርዱ 45 ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ሳይታረም የተገለበጠ መንደርደሪያ ከማሳ መካከል ይገኛል።

ሁለተኛ፣ ከፍታው በምን ተለካ? ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል፣ በጫማ ሲሰላ 5,577 ከፍታ አላት። ኮምፒዩተሩ ይህን የጫማ ቁጥር ሜትር ነው ብሎ ቢቀበል ጅማ ከራስ ዳሸን በላይ ትወጣለች! እንዲህ ያለው ስሕተት ቶሎ ይታያል፤ የሚያሠጋው የጥቂት ሜትር ስሕተት ነው።

ሦስተኛ፣ የተለካው ምንድን ነው? በየካቲት 1992 ዓ.ም. ኤንዴቨር የተባለችው የጠፈር መንኰራኵር ምድርን በራዳር ስትለካ፣ ጥቅጥቅ ባለ ደን ላይ የራዳሩ ሞገድ አብዛኛው አፈሩ ዘንድ ሳይደርስ ከቅርንጫፍና ከቅጠል ተመልሷል። ስለዚህ በከፋ የቡና ደን ውስጥ የዛፉ ቁመት ከመሬቱ ጋር ሊደመር ይችላል፤ ይህም ጀንፈልን ከነገለባው መመዘን ነው።

ለውጡ ካለቀ በኋላ የመንደርደሪያው ሁለት ጫፎች በቦታው ከተለካው ቁጥር ጋር መመሳከር አለባቸው። የክረምት ደመና ጅማን ሲሸፍን አብራሪው የሚተማመነው በመሣሪያውና በተለማመደው ነው። እንግዲህ እኛም ተማሪዎች፣ በማንኛውም ትምህርት ቁጥር ስንጽፍ መስፈሪያውንና መነሻውን አብረን እንጻፍ።