ሕሙማንን መቍጠር ስለ ምን ይጠቅማል?

ኮሌራ፣ ኩፍኝና የልጆች ልምሻ በተጠረጠሩ ጊዜ የላቦራቶሪ ውጤት ሳይጠበቅ በ30 ደቂቃ ውስጥ ለሚቀጥለው የጤና መዋቅር ይነገራሉ። ወባ፣ ተስቦና ግርሻ በየሳምንቱ ተቈጥረው ከጤና ጣቢያ ተነሥተው እስከ ኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይደርሳሉ። ሕሙም ባይኖርም «ዜሮ» ተብሎ ይላካል፤ ይህም ደዌ ያልታየበት ስፍራ ሪፖርት ካልላከው እንዲለይ ነው።

በመርካቶ ግን የታመመ የቀን ሠራተኛ ሳይመረመር ከአውቶቡስ ተራ ተሳፍሮ ወደ አገሩ ሊመለስ ይችላል፤ ያን ጊዜ ደዌው ሳይቈጠር አብሮት ይጓዛል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ብዙ ምእመናን በሚሰበሰቡበት በቋራ በርሜል ጊዮርጊስ ጠበል ስፍራ ኮሌራ ተነሥቶ እንደ ነበር እናስታውሳለን። ስለዚህ ካህናትና የሰበካ ጉባኤ አባላት በቅጥር ግቢያችን ብርቱ ተቅማጥና ትውከት የያዘው ሰው ባየን ጊዜ፣ ወደ አገሩ ከመላክ ይልቅ ወደ ጤና ጣቢያ እናድርሰው፤ ዕለቱንም እናሳውቅ።