አይሮፕላን አብራሪነት፤ የሚሰጠውና የሚወስደው



በወጣቶች ክፍል ስብሰባችን ላይ «ትምህርታችሁን ስትጨርሱ ምን መሆን ትፈልጋላችሁ?» የሚል ጥያቄ ተነሥቶ እንደ ነበር የተገኛችሁ ሁሉ ታስታውሳላችሁ። ከተናገሩት አሥራ አራት አባሎች መካከል ስድስቱ «አይሮፕላን አብራሪ» ብለው መለሱ። ምክንያታቸው ሲጠየቅ ግን አንዱ ስለ ልብሱ፣ ሌላው ስለ ደመወዙ ተናገረ፤ ሦስተኛው ደግሞ «በየጊዜው ውጭ አገር መሄድ ነዋ!» ብሎ ሁላችንንም አሳቀን። ሥራው ራሱ ምን እንደ ሆነ የተናገረ አንድም ሰው አልነበረም። እኔም ከስድስቱ አንዱ ስለ ነበርሁ በማንም ላይ አልፈርድም። አዘጋጆቹ «እንግዲያውስ አንተው አጥንተህ ጻፍልን» ስላሉኝ ረዳት አብራሪ የሆነውን የአጎቴን ልጅ ጋሼን ደጋግሜ ጠየቅሁት፤ በዚህም ላይ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብሁ። ከዚህ በታች የማቀርበው ከሁለቱ የተረዳሁትን ነው።

ሙያው ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ በረራውን ከአዲስ አበባ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ያደረገው መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ የሚያበሩት አሜሪካውያን ነበሩ። ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና አብራሪ የሆኑት እ.ኤ.አ. በ1957 ሲሆን፣ የአብራሪዎች ማሠልጠኛው የተከፈተው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ሥራው የወንዶች ብቻ የሚመስላቸው እኅቶች ካሉ፣ ካፒቴን አምሳለ ጓሉ እ.ኤ.አ. በ2010 በዋና አብራሪነት ወንበር ላይ መቀመጣቸውንና በኅዳር ወር 2008 ዓ.ም. ከአብራሪ እስከ አስተናጋጅ ሴቶች ብቻ የሠሩበት በረራ ባንኮክ መድረሱን ያስታውሱ።

አሁን ወደ ትምህርቱ እንሂድ። እኛ ተማሪዎች ፈተና አንድ ቀን የሚያልቅ ነገር ይመስለናል፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ካለፍን፣ ከዚያም ዲግሪ ከያዝን ተገላገልን እንላለን። ለአብራሪ ግን ፈተና አያልቅም። ዓለም አቀፉ ደንብ ለንግድ በረራ ፈቃድ 200 የበረራ ሰዓት ይጠይቃል፤ በታወቀ ማሠልጠኛ ውስጥ በተከታታይ ለተማረ ግን 150 ይበቃዋል። ለዋና አብራሪነት የሚያበቃውን ፈቃድ ለማግኘት 1500 ሰዓት መሙላት ግድ ነው። በአሜሪካ ብዙ ተማሪዎች ለዚህ ትምህርት ከራሳቸው ኪስ ወደ መቶ ሺህ ዶላር የሚጠጋ ይከፍላሉ፤ ዕዳውንም ለብዙ ዓመት ሲገፉ ይኖራሉ። ፈቃዱ ከተገኘ በኋላም ቢሆን በየስድስት ወሩ ወደ ሲሙሌተር ተመልሶ መፈተን አለ። ሲሙሌተር ማለት መሬት ላይ ቆሞ እንደ አይሮፕላን የሚናወጥ ክፍል ነው። ፈታኙ ከኋላ ይቀመጥና አንዱን ሞተር ያጠፋል፣ እሳት ያስነሣል፣ ጭጋግ ያወርዳል። ጋሼ ከዚህ ፈተና በፊት ያለውን ሳምንት ምግብ እንደማይጥመው ነግሮኛል። ሃያ ዓመት የሠራውም ካፒቴን እንደ አዲሱ ረዳት ሁሉ ይፈተናል፤ ከወደቀ እስኪያልፍ ድረስ መንገደኛ አይጭንም።

«ዛሬ እኮ ማሽኑ ራሱ ይበራል፤ ሰውየው ቁጭ ብሎ ቡና ይጠጣል» የሚሉ አሉ። ከፍታው ላይ ከተደረሰ በኋላ መሪውን አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው መሣሪያ መሆኑ እውነት ነው። መነሣቱ ግን የሰው እጅ ነው። አይሮፕላኑ በማኮብኮቢያው ላይ ሲንደረደር አስቀድሞ ተሰልቶ የተወሰነ አንድ የፍጥነት ልክ አለ። ከዚያ ፍጥነት በፊት ችግር ቢታይ ማቆም ይቻላል፤ ከዚያ ካለፈ ግን አንዱ ሞተር ቢጠፋ እንኳ መነሣት እንጂ ማቆም የለም፤ ማኮብኮቢያው አይበቃምና። ስለዚህ ፍጥነቱ እዚያ ሲደርስ ካፒቴኑ እጁን ከሞተሩ መቈጣጠሪያ ላይ ያነሣል። ለምን ቢባል፣ ደንግጦ ወደ ኋላ እንዳይስበው ነው። ይህ ሁሉ የሚሆነው ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ነው። ቦሌ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስስ በመሆኑ ክንፉም የሚያነሣው፣ ሞተሩም የሚገፋው ይቀንሳል፤ ስለዚህ መንደርደሪያው ይረዝማል፣ የሚጫነውም ይቀንሳል። ከአዲስ አበባ ወደ አሜሪካ የሚሄዱ በረራዎች በመንገድ ላይ ቆመው ነዳጅ ሲቀዱ «ምን አስቆማቸው?» እያሉ የሚያጉረመርሙ ዘመዶች አሉን፤ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ከአደጋ ወሬ ብንሸሽ ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን ስለዚህ ሙያ ጽፎ አደጋን መዝለል አይቻልም። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር የተነሣ ቦይንግ 737 የእርግብ መንጋ ወደ ሁለቱም ሞተሮቹ ገባበት። አብራሪዎቹ ወደ ሜዳው ለመመለስ ሞከሩ፤ ሞተሮቹ ስለ ከዱአቸው አይሮፕላኑን በሆዱ አሳረፉት። ከነበሩት 104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። እርግብ! ወፍጮ ቤት አጠገብ የምናባርራት እርግብ።

ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ ግን የካፒቴን ልዑል አባተ ታሪክ ነው። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ቅዳሜ ዕለት ቦይንግ 767 ይዘው ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ተነሡ። ጥቂት እንደ በረሩ ሦስት ጠላፊዎች ወደ አብራሪዎቹ ክፍል ገብተው ረዳት አብራሪውን ዮናስ መኩሪያን ደብድበው አስወጡና «አውስትራልያ ውሰደን» አሉ። ካፒቴኑ ነዳጁ ለዚያ እንደማይበቃ ቢያስረዱአቸውም አላመኑም፤ እንዲያውም አይሮፕላኑ 11 ሰዓት ሊበር እንደሚችል የተጻፈበትን የመንገደኞች መጽሔት እያሳዩ ተከራከሩ። ካፒቴኑ የአፍሪካን ጠረፍ ይዘው ወደ ደቡብ በረሩ። ጠላፊዎቹ የብሱን አይተው ወደ ባሕር እንዲያዞሩ ባስገደዱአቸው ጊዜም በዘዴ ወደ ኮሞሮ ደሴቶች አቀኑ። ነዳጁ አለቀ፤ ሞተሮቹም ተራ በተራ ጠፉ። ሞተር በሌለው አይሮፕላን፣ ከጐናቸው ግብግብ እየተካሄደ፣ በግራንድ ኮሞር ጠረፍ አጠገብ ባሕሩ ላይ ለማሳረፍ ሞከሩ። ክንፉ ውሃውን እንደ ነካ አይሮፕላኑ ተሰባበረ። ከ175ቱ ሰዎች 125ቱ ሲሞቱ 50ዎቹ ተረፉ፤ ከተረፉትም መካከል ሁለቱ አብራሪዎች ይገኛሉ። ከመንገደኞቹ አያሌዎች የሞቱት የመንሳፈፊያ ጃኬታቸውን ገና በውስጥ ሳሉ ስለ ነፉትና ውሃው ሲገባ ወደ ጣሪያው ስለ ገፋቸው ነው። (አስተናጋጇ በር ላይ ቆማ ስለ ጃኬቱ ስታሳይ በስልካችን የምንጫወት ይህን እናስብ።)

ካፒቴን ልዑል ከዚያ ቀን በፊት ሁለት ጊዜ ተጠልፈው ነበር። ከዚያም ቀን በኋላ ወደ ሥራቸው ተመልሰው በረዋል። «እንዴት አስቻላቸው?» ብዬ ጋሼን ብጠይቀው ለጊዜው ዝም አለ። ቆይቶም፣ «በየስድስት ወሩ የምንፈተነው ያ ቀን ይመጣል ብለን አይደለም፤ ብዙዎቻችን ሳይመጣብን ጡረታ እንወጣለን። የሚከፈለን ግን ለዚያ ቀን ተዘጋጅተን በመቀመጣችን ነው» አለኝ።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. እሑድ ጠዋት የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ወደ ናይሮቢ የተነሣው ቦይንግ 737 ማክስ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አካባቢ ወድቆ 157 ሰዎች አለቁ። ዋና አብራሪው ካፒቴን ያሬድ ጌታቸው የ29 ዓመት ወጣት ሲሆን ከ8000 ሰዓት በላይ በሯል። አይሮፕላኑ ከአንድ መለኪያ በመጣ የተሳሳተ ምልክት አፍንጫውን በራሱ ወደ ታች የሚደፋ ሥርዓት ነበረው። ያው ዓይነት አይሮፕላን አምስት ወር ባልሞላ ጊዜ በፊት በኢንዶኔዢያ 189 ሰዎች ይዞ ወድቋል። ይህ ሁሉ እየታወቀም ገና ምርመራው ሳያልቅ አብራሪዎቹን ለመውቀስ የቸኰሉ አልጠፉም። ይህም ከሙያው ጉዳቶች አንዱ ይመስለኛል፤ ሙት አብራሪ ለራሱ መልስ አይሰጥም።

ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው ነገር ከስንት አንድ ጊዜ የሚደርስ ነው። አብራሪው በየቀኑ የሚከፍለው ዋጋ ግን ሌላ ነው፤ እኔም ስጀምር ያላሰብሁት ይህንኑ ነበር። እንቅልፉ የእሱ አይደለም። ሰው ሲተኛ ይነሣል፤ ሰው ሲነሣ ሆቴል ውስጥ መጋረጃ ጋርዶ ለመተኛት ይታገላል። ያለፈውን የፋሲካ ዋዜማ ጋሼ ያሳለፈው ሩቅ አገር በሚገኝ ሆቴል ነው። በስልክ ሲደውል እኛ ዶሮውን አቅርበን ነበር፤ በዚያ ገና ፀሐይ አልጠለቀችም። እናቱ «ምን በላህ?» ቢሉት «በልቻለሁ» ብሎ ዘጋው። በሰርግ ላይም ጠላ ሲቀዳ ብርጭቆውን በእጁ ይከድናል፤ ነገ በረራ አለበትና። በዚህም ላይ የአይሮፕላን ውስጥ አየር ደረቅ ነው፤ ከፍታው ላይ ከሕዋ የሚመጣው ጨረር መሬት ላይ ካለው ስለሚበልጥ በብዙ አገሮች አብራሪዎች በሥራቸው ምክንያት ለጨረር ከሚጋለጡ ሠራተኞች ጋር ይቈጠራሉ። የሚያስቀው ነገር ደግሞ፣ ሁለቱ አብራሪዎች አንድ ዓይነት ምግብ እንዳይበሉ በብዙ አየር መንገዶች የተለመደ ነው፤ ምግቡ ቢበላሽ ሁለቱም አብረው እንዳይታመሙ።

ከሁሉ የከበደኝ የጤናው ነገር ነው። ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ከ60 ዓመት በላይ ደግሞ በየስድስት ወሩ ሐኪም ይመረምረዋል። (መነጽር ማድረግ ብቻውን በዓለም አቀፉ ደንብ አይከለክልም፤ መነጽር ያላችሁ ተስፋ አትቍረጡ፤ ነገር ግን የምትያመለክቱበት ድርጅት የራሱ መመዘኛ ሊኖረው ስለሚችል አስቀድማችሁ ጠይቁ።) ልብ ቢታመም፣ የሚጥል በሽታ ቢገኝ፣ ያ ሁሉ ትምህርት በአንድ ወረቀት ይቆማል። ሐኪም ሆኖ ጀርባውን የታመመ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ ማስተማር ይችላል፤ አብራሪ ግን ከዚህ ሌላ የተማረው ሙያ ብዙ ጊዜ የለውም። ስለዚህ ሕመምን መደበቅ ፈተና ይሆናል። መጋቢት 2007 ዓ.ም. ላይ የአእምሮ ሕመሙን የደበቀ የጀርመን ረዳት አብራሪ አይሮፕላኑን በፈረንሳይ ተራራ ላይ ሆን ብሎ ጥሎ ራሱን ጨምሮ 150 ሰዎች ጨርሷል።

ጋሼ አባቱ በሞቱ ጊዜ ከአርባው በፊት ወደ ሥራ ተመልሶ ነበር። ልብሱን ለብሶ፣ ቦርሳውን ይዞ ከበር ከወጣ በኋላ ተመለሰ፤ ደውሎም «ዛሬ ለመብረር ብቁ አይደለሁም» አለ። ከሠራው ሁሉ የከበደው ይህች አንዲት ዐረፍተ ነገር እንደ ነበረች ነግሮኛል። ሰው «ፈርቶ ነው» እንዳይለው ሰግቶ ነበር። አለቃው የነበሩት ካፒቴን ግን ምክንያቱን እንኳ ሳይጠይቁ «ደግ አደረግህ፣ ተኛ» አሉት።

እንግዲህ «ታዲያ ምን ተረፈው?» ትሉ ይሆናል። ደመወዙ ከብዙ ሥራዎች የተሻለ ነው፤ ይህን መደበቅ ግብዝነት ነው። ታናናሾቹን ያስተማረው በዚሁ ደመወዝ ነው። ዓለምንም አይቷል፤ ምንም እንኳ ከዓለም ይልቅ የሚያየው ሆቴልን ነው ብሎ ቢቀልድም። ንጋትን ከደመና በላይ ሆኖ ማየት እንዴት እንደ ሆነ ሲነግረኝ ግን ፊቱ ይለወጣል። ሌላም ነገረኝ። ከዓረብ አገር ለዓመታት ሰው ቤት ሠርተው የሚመለሱ እኅቶቻችን ጎማው የቦሌን መሬት ሲነካ እልል ይላሉ። የአብራሪዎቹ በር ተቈልፎም ቢሆን እልልታው ይሰማል። «በዚያን ጊዜ ካፒቴኑና እኔ አንተያይም፤ ሁለታችንም ወደ ፊት እያየን እናሽከረክራለን» አለኝ።

ይህን የነገረኝ ባለፈው ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ነው። ከእሱ የምጠይቀው ገና ሁለት ገጽ ያህል ቀርቶኝ ነበር። እሱ ግን ሰዓቱን አየና ሌሊት 6 ሰዓት ተኩል ላይ የሚነሣ በረራ እንዳለው ነግሮኝ ወደ መኝታው ገባ። እናቱ መጋረጃውን ጋረዱለት፤ ውሻውን ከጓሮ አሰሩት፤ እኔንም ወደ ጎረቤት ልከው ሬዲዮኑን ቀነስ እንዲያደርጉ አስለመኑኝ።