ያረጀ መጽሐፍና አዲሱ ፓይተን

ጥያቄ፦ ሰንጋ ተራ አካባቢ በሒሳብ ሠራተኛነት እሠራለሁ። ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ለመማር ብዬ ያገለገለ የጀማሪዎች መጽሐፍ ገዛሁ። የመጀመሪያውን ምሳሌ ፊደል በፊደል ገልብጬ ብጽፍም ኮምፒውተሩ ስሕተት ነው ይለኛል። ችግሩ ከእኔ ይሆን?
ሰ.፣ ከሰንጋ ተራ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ችግሩ ከእርስዎ ሳይሆን ከመጽሐፉ ዕድሜ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ፓይተን 3 ከፓይተን 2 ጋር ሙሉ በሙሉ አይጣጣምም፤ የፓይተን 2 ድጋፍም እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ ተቋርጧል። በአሮጌው «ፕሪንት» የሚለው ትእዛዝ ቅንፍ አያስፈልገውም ነበር። አሁን ግን የሚጻፈው ነገር ቅንፍ ውስጥ ካልገባ ፕሮግራሙ አይሠራም። «ሮው ኢንፑት» የሚል ካገኙም በ«ኢንፑት» ይተኩት።

ለሒሳብ ሰው ይበልጥ የሚያሳስበኝ ማካፈሉ ነው። 7 ለ2 ሲካፈል አሮጌው 3 ይሰጥ ነበር፤ አዲሱ 3.5 ይሰጣል። እዚህ ላይ ምንም የስሕተት መልእክት ስለማይመጣ፣ ውጤቱን በእጅዎ አስልተው ያመሳክሩ።

መጽሐፉን አይጣሉት፤ ስለ ድግግሞሽና ስለ ሁኔታ የሚያስረዱት ምዕራፎች ዛሬም ይጠቅማሉ። ቢቻል ግን ለፓይተን 3 የተዘጋጀ ይፈልጉ። ደግሞም አዲሱ ፓይተን የግእዝ ፊደል ስለሚቀበል «ደመወዝ» ብለው ተለዋዋጭ መሰየም ይችላሉ፤ ይሞክሩት፣ ደስ ይላል።

ቅንፉን አስተካክለው ስሕተቱ ካልጠፋ፣ የመልእክቱን የመጨረሻ መስመር ይዘው ፓይተን የሚያውቅ ሰው ያማክሩ። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው ነጻው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች (የፕሮግራም ጸሐፊዎች) ሥልጠናም አሁን ክፍት መሆኑን ይጠይቁ። ደመወዝ ወይም ግብር የሚያሰላ ፕሮግራም በመሥሪያ ቤትዎ ሥራ ላይ ከማዋልዎ በፊት ግን ባለሙያ እንዲያየው ያድርጉ።