ስም ያልተጻፈበት ብስክሌት

ልጆች ሆይ፤ ሰው ሁሉ ስም አለው። ስሙን ብንጠይቀው ይነግረናል፤ አገሩንና ዕድሜውንም ብንጠይቀው ይመልስልናል። ዕቃ ግን አፍ የለውም። ስሙ የጠፋበት ዕቃ ሠሪውን የሚነግረን በምልክቱ ብቻ ነው፤ ምልክቱንም የሚያነበው ታጋሽ ሰው ነው። ፊደል የሚማር ልጅ ሀን ከለ ለይቶ እንደሚያነብ፣ የእጅ ሥራ የሚያውቅ ሰውም ብረትን ያነባል። ዛሬ የምናነበው ስለ አንድ አሮጌ ብስክሌትና ሠሪውን ለማወቅ ስለ ፈለገ ልጅ ነው።

1. ልጁና ቴላዮው

በእንግሊዝ አገር በርሚንግሃም በምትባል ከተማ አንድ ሽማግሌ ብስክሌት ጠጋኝ ነበሩ። በርሚንግሃም የብረት ሠራተኞች ከተማ ናት። ከእርሷም ብዙ በማይርቀው በኮቨንትሪ ከተማ ጆን ኬምፕ ስታርሊ የሚባል ሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1885 ዓመት ሮቨር የተባለውን ብስክሌት ሠራ። ዛሬ የምናየው፣ ሁለት እኩል ጎማ ያለው፣ ኋላውም በሰንሰለት የሚዞረው ብስክሌት ሁሉ የዚያ ልጅና የልጅ ልጅ ነው።

ከዕለታት አንድ ቀን የ14 ዓመት ልጅ አንድ የብስክሌት ቴላዮ በትከሻው ተሸክሞ ወደ ሽማግሌው ሱቅ ገባ። ቴላዮ የሚባለው ጎማው፣ መሪው፣ ኮርቻው፣ ፔዳሉና ሰንሰለቱ ሁሉ ሲወልቅ የሚቀረው የብስክሌቱ አጥንት ነው። ቴላዮው በብሩሽ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ነበር፤ አንድም ስም አልተጻፈበትም።

ልጁም ሰላምታ ሰጥቶ እንዲህ አለ፤ «አባቴ፣ ይህ የአያቴ ነበረ። አያቴ ካረፈ በኋላ በጓዳ ውስጥ አገኘነው። እናቴን የቤት ኪራይ ቸግሯታል። አንድ ሰው ሊገዛን ፈልጎ ሠሪው ማን እንደ ሆነ ጠየቀኝ። የስመ ጥር ሠሪ ሥራ ከሆነ ብዙ ገንዘብ እሰጣለሁ፤ ካልሆነ ግን ጥቂት ነው አለኝ። ጎረቤታችንም፦ ሄቺንስ ነው በለው፤ ማን ያውቃል? አለኝ።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን እየጠረጉ፣ «ማን ያውቃል ብሎ መጠየቅ መልካም ነው፤ ጠይቆ መልሱን አለመጠበቅ ግን ክፉ ነው። እንግዲህ ብረቱን ራሱን እንጠይቀው» አሉት። ቴላዮውንም በሞርሳ ላይ በጨርቅ ጠቅልለው ቀስ አድርገው አሠሩት።

2. የሚያሳስቱ ምስክሮች

ልጁ ቱቦዎቹ የሚጋጠሙበትን ስፍራ አሳየ። በዚያ ስፍራ ቱቦዎቹ እንደ እጅጌ ባለ ብረት ውስጥ ገብተው በነሐስ ተበይደው ነበር። እጅጌውም እንደ ጥልፍ ተቀርጾ እጅግ ያማረ ነበር። «አባቴ፣ ሄቺንስ በጌጠኛ እጅጌው የታወቀ ነው ይላሉ። ይህም ጌጠኛ ነው» አለ።

«እውነት ነው፤ ሄቺንስ የለንደን ሠሪ ነው፤ በእጅጌው ጌጥ ታውቋል። ነገር ግን ብዙዎቹ የሄቺንስ ብስክሌቶች ወደ ኋላው ጎማ የሚወርዱት ቱቦዎቻቸው እንደ እባብ የተጠማዘዙ ናቸው። የዚህ ቱቦ ግን ቀጥ ያለ ነው። ደግሞም ይህን ቅርጽ አውቀዋለሁ። ነርቬክስ የሚባል የፈረንሳይ ፋብሪካ እንዲህ ያለውን እጅጌ አዘጋጅቶ በብዙ አገር ላሉ ሠሪዎች ይሸጥ ነበር። ስለዚህ አንድ ሸማኔ የሠራውን ጥለት መቶ ሰው እንደሚለብሰው፣ ይህንም እጅጌ ብዙ ሠሪ ተጠቅሞበታል። ጥለቱን አይተን የለባሹን ስም ማወቅ አንችልም» አሉ።

ልጁ ፊቱ ጠቆረ። ከዚያም ቴላዮውን ገልብጦ ፔዳሉ የሚዞርበትን ቤት ከሥሩ አየና በደስታ ጮኸ። በብረቱ ላይ ሦስት ጠመንጃዎች ተደጋግፈው የቆሙበት ትንሽ ምልክት ተመትቶ ነበር። «ይህስ? ይህ የቢ ኤስ ኤ ምልክት አይደለምን?» አለ።

«ነው። ቢ ኤስ ኤ በዚሁ በከተማችን በ1861 የተመሠረተ የጠመንጃ ፋብሪካ ነበረ፤ ምልክቱም ስለዚህ ጠመንጃ ሆነ። ኋላም ብስክሌት ሠራ። ነገር ግን ሙሉ ብስክሌት ብቻ አልሸጠም፤ የብስክሌት ክፍሎችንም ለሌሎች ሠሪዎች ይሸጥ ነበር። ምልክቱ የሚነግረን ይህን አንድ ክፍል ማን እንደ ሠራው ነው፤ ቱቦዎቹን ማን እንዳጋጠማቸው ግን አይነግረንም። በርህ ላይ ያለው ቁልፍ የሠሪው ስም ተጽፎበት ይሆናል፤ ነገር ግን ቤትህን ቁልፍ ሠሪው አልሠራውም።»

ልጁም ዝም ብሎ አሰበ። በልቡ፣ «ሁለት ጊዜ ቸኮልሁ፤ ሁለት ጊዜም ተሳሳትሁ» አለ።

3. መለኪያ አያዳላም

ሽማግሌው ካሊበር የተባለውን መለኪያ ከመሳቢያ አወጡ። «ዓይን የሚወደውን ያያል፤ መለኪያ ግን ያለውን ያያል። አንተ ለካ፤ እኔ እጽፋለሁ» አሉት።

በመጀመሪያ ኮርቻው የሚቆምበትን ቱቦ ከውጭ ለካ። 28.6 ሚሊሜትር ሆነ። «የጥንት የፈረንሳይ ሠሪዎች ይህን ቱቦ 28 ሚሊሜትር ያደርጉት ነበር። የእንግሊዝና የጣሊያን ግን 28.6 ነው። እንግዲህ ፈረንሳይን እንተዋት» አሉ።

ሁለተኛ የፔዳሉን ቤት ወርድ ለካ። 68 ሚሊሜትር ሆነ። «የጣሊያን ልማድ 70 ነው፤ የእንግሊዝ ልማድ 68 ነው» አሉ። ነገር ግን በአንድ ምስክር አልተማመኑም። በቤቱ ውስጥ የተቀረጸውን የብሎን ጥርስ ሊመረምሩ፣ ልኩ የታወቀ ክዳን አምጥተው በጣታቸው ብቻ አዞሩት። የቀኙ ክዳን ወደ ግራ ሲዞር ያለ ግድ ገባ። «አየህን? በእንግሊዝ ልማድ የቀኙ ክዳን የሚጠብቀው ወደ ግራ ሲዞር ነው፤ በጣሊያንና በፈረንሳይ ልማድ ግን ወደ ቀኝ ይዞራል። ይህ ክዳን በአንድ ኢንች 24 ጥርስ አለው። በኖቲንግሃም የነበረው ታላቁ የራሌ ፋብሪካ ለብዙ ዘመን 26 ጥርስ ያደርግ ነበር። ስለዚህ ይህ የራሌ ፋብሪካ ሥራ አይመስልም።»

ልጁም፣ «ክዳኑ እንቢ ቢል በቁልፍ አጥብቀን ብናስገባውስ?» ብሎ ጠየቀ።

«በግድ ከገባማ ጥርሱ ይበላል፤ እውነቱም አብሮ ይጠፋል። ያላመነን ምስክር አስፈራርቶ ማናገር እንደዚሁ ነው» አሉት።

ሦስተኛ በኮርቻው ቱቦ ውስጥ የሚገባው ዘንግ ውፍረቱ 27.2 ሚሊሜትር እንዲሆን አገኙ። ሽማግሌውም፣ «አሁን ሒሳብ አስላ። የቱቦው ውጭ 28.6 ነው፤ ውስጡ 27.2 ነው። ልዩነቱ ስንት ነው?» አሉ።

«1.4» አለ ልጁ።

«ለሁለቱ ጎን ብታካፍለው?»

«0.7 ሚሊሜትር። ይህማ ከአንድ ሚሊሜትር ያነሰ ነው!»

«እውነት ነው። ርካሽ ቱቦ ወፍራምና ከባድ ነው፤ ዘንጉም ብዙ ጊዜ 25.4 ወይም በዚያ አካባቢ ይሆናል። እንዲህ ስስ ሆኖ ሰው የሚሸከም ግን ምርጥ ብረት ነው። በከተማችን ያለው ሬይኖልድስ በ1935 ባለ 531 የሚባለውን ቱቦ አወጣ፤ ብዙ የእንግሊዝ ሠሪዎችም ወደዱት። የዚህ ቱቦ ያ ይሁን ሌላ፣ መለኪያው ብቻውን አይለይልንም። አያትህ ግን መልካም ብስክሌት እንደ ነበራቸው ተረድተናል።»

4. ዕድሜው ስንት ነው?

«አሁንስ ዕድሜውን ከቅርጹ እንወቅ» አለ ልጁ። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «የቴላዮ ቅርጽ ከ1890ዎቹ ጀምሮ እምብዛም አልተለወጠም። ዕድሜ የሚታወቀው በትንንሹ ነገር ነው» አሉት።

የኋላው ጎማ የሚገባበትን ስፍራ በሁለቱ ጫፎች መካከል ለኩት፤ 120 ሚሊሜትር ሆነ። ሽማግሌውም እንዲህ ብለው አስረዱት፤ «በኋላው ጎማ ላይ ያሉት ጥርሳም ክቦች በበዙ ቁጥር ስፍራው እየሰፋ ሄደ። አምስት ክብ የነበረው ብስክሌት 120 ይበቃው ነበር። ስድስትና ሰባት ሲሆኑ 126 ሆነ፤ ስምንት ሲሆኑ ደግሞ 130 ሆነ፤ ይህም ወደ 1990 ገደማ ነው። የዚህ ስፍራው ጠባብ ነውና ከዚያ በፊት የተሠራ ነው።»

ቀጥሎም በቀኙ ጫፍ ላይ እንደ ጆሮ ወጣ ያለ ብረት አሳዩት። ሰንሰለቱን ከክብ ወደ ክብ የሚያሻግረው ማርሽ የሚታሰርበት ነው። እንዲህ ያለ ጆሮ በመልካም ብስክሌቶች ላይ የተለመደው በ1950ዎቹ ነው። ውኃ መያዣ የሚታሰርበት የብሎን ቀዳዳ ግን በቱቦው ላይ አልነበረም፤ ይህም ቀዳዳ በ1970ዎቹ እየተለመደ የሄደ ነው።

«ደግሞ የጠመንጃውን ምልክት አስታውስ። ስለ ሠሪው አልነገረንም፤ ስለ ዘመኑ ግን ይነግረናል። ቢ ኤስ ኤ የብስክሌት ሥራውን በ1957 ለራሌ ሸጦታል። ስለዚህ ይህ ቴላዮ በ1950ዎቹ የተሠራ ይመስላል። ሆኖም አንድ ሠሪ የቆየ ዕቃ በመደርደሪያው አኑሮ በኋላ ሊሠራበት ይችላል፤ ስለዚህ ይመስላል እንላለን እንጂ ነው አንልም» አሉ።

ልጁም ከፔዳሉ ቤት አጠገብ 547 የሚል ቁጥር አገኘ። በሹካው ቱቦ ላይም ያው 547 ነበረ። «አባቴ፣ 54 ዓመቱ፣ 7 ወሩ ይሆናል! በ1954 ሐምሌ ተሠራ ማለት ነው!» አለ።

ሽማግሌው ፈገግ አሉ። «ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ሠሪው አምስት መቶ አርባ ሰባተኛውን ቴላዮ ሠርቶም ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱ ሠሪ እንደ ፈቃዱ ይቆጥር ነበርና። ሁለቱ ቁጥሮች መመሳሰላቸው የሚነግረን ሹካው ከቴላዮው ጋር አብሮ እንደ ተወለደ ነው።»

ከዚያም ልጁን በግድግዳው አጠገብ ወደ ቆመ ሌላ ብስክሌት ወሰዱት። በኋላው ጎማ እምብርት ላይ ስተርሚ አርቸር የሚል ስምና 63 የሚል ቁጥር ነበረ። «ይህ ቁጥር በእውነት ዓመት ነው፤ 1963 ማለት ነው። ነገር ግን የእምብርቱ ዓመት ነው። ጎማ ይለወጣል፤ አዲስ ጫማ ያደረገ ሽማግሌ በጫማው ዕድሜ አይቆጠርም» አሉት።

5. ከቀለሙ በታች

በመጨረሻ ጥቁሩን ቀለም ከታችኛው ቱቦ ላይ በጥንቃቄ አለዘቡት። ቶሎ ቢፋቅ ከሥር ያለው ሁሉ አብሮ ይሄዳልና፣ ግማሽ ቀን ሙሉ በጨርቅ ጥቂት በጥቂት አሹት። ከጥቁሩ በታች አረንጓዴ ቀለም ወጣ። በአረንጓዴውም ላይ የጥንት ጽሕፈት ጥላ ታየ። መጀመሪያው በዝገት ተበልቶ ነበር። የተረፈው ሁለት ቃል ብቻ ነበረ፤ «እና ልጆቹ» ይላል።

ልጁ ቱቦውን ወደ ብርሃን ደጋግሞ አዞረ። ስሙ ግን አልተመለሰም።

ሽማግሌውም ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆይተው፣ «አንድ አባት ከልጆቹ ጋር ሠርቶታል። ስማቸው ጠፋ፤ ሥራቸው ግን አልጠፋም። በዚህ አገር እና ልጆቹ እያሉ የሚጽፉ ብዙ ሱቆች ነበሩና የትኛው እንደ ሆነ መናገር አንችልም። ሄቺንስ ብለህ ብትሸጠው፣ ገዢውን በገንዘቡ ታታልለዋለህ፤ እነዚህንም ሰዎች ከሥራቸው ላይ ሁለተኛ ትፍቃቸዋለህ» አሉ።

6. ወረቀቱ

ልጁ ወደ ቤቱ ሄዶ አንድ ወረቀት በሦስት ከፈለና ጻፈ።

የታወቀው፦ በእንግሊዝ ልክ የተሠራ ነው፤ ቱቦው ስስና ምርጥ ነው፤ ሹካው የራሱ ነው፤ በላዩ እና ልጆቹ የሚል ጽሕፈት ነበረ።

የሚመስለው፦ በ1950ዎቹ ተሠርቷል።

ያልታወቀው፦ የሠሪው ስም።

በማግሥቱ ገዢው መጣ። ልጁ ወረቀቱን ሲሰጠው እጁ ተንቀጠቀጠ፤ የእናቱን ኪራይ ያስብ ነበርና። ገዢው አነበበ፤ ቁጥሮቹንም በራሱ መለኪያ ለካ፤ ሁሉንም እንደ ተጻፈው አገኘው። «ስሙን ብታውቀው ኖሮ እጥፍ እከፍልህ ነበር» አለ። ልጁም፣ «ባውቀው እነግርህ ነበር» ብሎ መለሰ።

ገዢውም ግማሹን ዋጋ ከፈለውና ቴላዮውን ወሰደ። ገንዘቡ ለአንድ ወር ኪራይ እንጂ ለሁለት አልበቃም። ልጁ ግን በመንገድ ገዢውን ባገኘው ጊዜ ሁሉ ፊቱን አላዞረም፤ ሰላምታም ይሰጠው ነበር።

ልጆች ሆይ፤ «አላውቅም» የሚለው ቃል አጭር ነው፤ ብዙ ሰው ግን ሊናገረው ያፍራል። መርምሮ «አላውቅም» ያለ ሰው ካልመረመረው ሰው ይልቅ ብዙ ያውቃል። ሳትመረምሩ ለማንም ዕቃ ስም አታውጡለት፤ ለማንም ሰውም እንዲሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።

ጥያቄዎች

1. ቴላዮ ማለት ምን ማለት ነው?
2. የጠመንጃው ምልክት ስለ ምን ነገረን? ስለ ምንስ አልነገረንም?
3. ከውጭ 28.6፣ ከውስጥ 25.4 ሚሊሜትር የሆነ ቱቦ የአንዱ ጎን ውፍረት ስንት ነው?
4. ሽማግሌው ክዳኑን በጣታቸው ብቻ ያዞሩት ስለ ምንድር ነው?
5. ልጁ ሄቺንስ ነው ቢል ኖሮ ማንን በበደለ ነበር?